«ለጥናት ነው የመጣነው»፦ ቤት ለቤት የሚዞረውን የዩኒቨርሲቲዎች የጤና ጥናት እንደ ተጠቃሚ ስገመግመው

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ቀን በራችሁ መንኳኳቱ አይቀርም። ጃኬቱን እስከ አንገቱ የዘጋ፣ ታብሌት የታቀፈ ልጅ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ቆሟል። «ለጥናት ነው የመጣነው፣ ትንሽ ደቂቃ ብትሰጡን» ይላል። ትንሽ ደቂቃ የሚባለው ነገር ውሸት ነው፣ እሱን ከወዲሁ እወቁት።

ሰው ስለ ምግብ ቤት ይጽፋል፣ ስለ ስልክ ይጽፋል፣ የአዲስ አበባን ሚኒባስ ይራገማል። ቤታችን ድረስ ስለሚመጣው፣ ደማችንን ስለሚቀዳው፣ ስንት ልጅ እንደወለድንና ስንቱ እንደሞተብን ስለሚጠይቀው ነገር ግን ግምገማ የጻፈ ሰው አላየሁም። አገልግሎት ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ ነው። ጊዜዬን ሰጥቼበታለሁ፣ ቤተሰቤ ተጠቅሞበታል፣ በደንብ አድርጌም ተናድጄበታለሁ። እንግዲህ ከዚህ በላይ አገልግሎት ምን አለ?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፣ ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ትዕግሥት ለሌላችሁ። ጥናቱ ይጠቅማል። ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው፣ ከጤና ጣቢያውና ከቀበሌው ጋር ተናበው ሲሠሩት ደግሞ ጥቅሙ የትየለሌ ነው። የሚያበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወስዶ መጥፋት።

ከጥሩው ልጀምር። እናቴ ስልሳዎቹን ያለፈች፣ «እኔ ምንም የለብኝ» ባይ ሴት ናት። ሐኪም ቤት ሄደሽ ታዪ ስትባል «ተቀምጬ በሽታ ልፈልግ?» ትላለች። የደም ግፊትና የስኳር ጥናት የሚሠሩ ልጆች የመጡት ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው። የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ሥራ ነው ብለውናል። እናቴ አቦሉን ገና ጠጥታ ሲኒውን ማስቀመጧ ነበር። ልጁ መለኪያውን ከቦርሳው ሳያወጣ «እማማ፣ ቡና ጠጡ እንዴ?» አላት።

«አዎ ልጄ፣ ላንተም ይቀዳልሃል።»

«እሱማ እጠጣለሁ። ግን አሁን ብለካዎት ቡናው ነው የሚናገረው። ግማሽ ሰዓት እንጠብቅ።»

ጠበቀም። በመሃሉ ሌላውን ጥያቄ ጨረሰ። ከዚያ ጋቢዋን አስወለቃት። የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ጠቅልሎ አልተወውም፣ ክንዷን ጨርሶ ከሹራቡ አስወጣና ነው ያሰረላት፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ይሄ ምን ያህል ከባድ ጥያቄ እንደሆነ ይገባችኋል። ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደገፋት። እግርዎን አያነባብሩ አላት። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ በልቧ ትክክል አስቀመጠላት። እየተለኩ አያውሩ ሲላት ግን ተቸገረች፣ ከሁሉ የከበዳት እሱ ነው። አንዴ ለካ፣ ቆየት አለ፣ ደገመ፣ ቆየት አለ፣ ሠለሰ። ሦስቱንም መዘገበ። ወረፋ በበዛበት ቦታ እኮ በሹራብ ላይ አንዴ ተጠቅልሎ፣ «ደህና ነዎት» ተብሎ ነው ሰው የሚሸኘው።

ቁጥሩ ከፍ ያለ ነበር። ልጁ አላስፈራራትም፣ አላድበሰበሰባትም። «እማማ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይሄ ብቻውን በሽተኛ ነዎት አያሰኝም። ግን ይቺን ወረቀት ይዘው በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይታዩ» አለና ሦስቱን ቁጥር ጽፎ ሰጣት። እናቴ ለልጆቿ ያልሰማችውን ለእንግዳ ሰማች። ሄደች፣ ደጋግመው ለኳት፣ መድኃኒት ተጀመረላት። ዛሬ አምሎዲፒኗን በጤና መድኅን ደብተሯ ታወጣለች፣ ሳታዛንፍም ትውጣለች። ጨው ቀንሱ ስለተባለ የቤታችን ሽሮ ጣዕሙን አጥቷል፣ አባቴ እስከ ዛሬ ያጉረመርማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ የተሠራው፣ ሰውን ቤቱ ድረስ ሄዶ የለካው ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ ወደ 16 በመቶ የሚሆነው ግፊቱ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። አብዛኛው ደግሞ አያውቀውም ነበር። ጨውም እንዲሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም አይለፍ ይላል፣ እሱም አንዲት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፣ እኛ ግን ወደ 8 ግራም እየበላን ነው የተገኘነው። ድሮ ግፊት የባለ ሥልጣንና የሀብታም በሽታ ነው ይባል ነበር። ማንም ቤታችን መጥቶ ሳይለካን ግን ይሄን በምን እናውቃለን? ግፊት እኮ አያምም፣ ጠርቶ አይነግርም፣ አንድ ቀን ነው ግማሽ አካልን ይዞ የሚሄደው።

ስለዚህ ለእናቴ ጉዳይ አምስት ኮከብ። ልጁን ባገኘው ስሙን ሳይቀር እጠይቀው ነበር።

አሁን ወደ ብስጭቱ። የማን ቡድን እንደሆነ አልናገርም፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ቡድን ነው በሉት። በሠፈራችን ዞሮ ደም ቀዳ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ ቅጹን አንብበውልናል፣ አስፈርመውናል። ክንዴ ላይ ላስቲኩን አሰሩ፣ ቀዱ፣ ብልቃጧ ላይ ኮድ ለጠፉ፣ አንድ ሳሙና ሰጡኝ። «ውጤቱን እንነግራችኋለን፣ ቁጥራችንም ቅጹ ላይ አለ» አሉ። እኛም አመንን። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው የለም። ቁጥሩን ስደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የምትለዋ ሴትዮ ናት የምታነሣው። ጎረቤቴ ደግሞ «ደሜን ሸጠውት ይሆን?» ብላ ሠፈሩን አዳረሰችው። ደም እንደማይሸጥ አውቃለሁ። ግን ምን ብዬ ላስረዳት? እኔም መልስ የለኝም።

ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቀጥሎ የመጣውን ቡድን ሠፈሩ በሩን ዘጋበት። አጥፍቶ የሄደው አንዱ፣ ብርድ ላይ የቆመው ሌላው። ጥናት እንደ ዕቁብ ነው፤ ጥለህ ጥለህ ዕጣህ የማይወጣ ከሆነ ቀጣዩን ዙር ማን ይገባልሃል?

የሚያበሳጨው ደግሞ ደንቡ አለ። የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባርን የደነገገው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው፣ በ2013 ሲሻሻል በግልጽ ጽፎታል፤ የተሳተፈ ሰው የጥናቱን አጠቃላይ ውጤት የማወቅ ምርጫ ሊሰጠው ይገባል። የምትፈርሙት ወረቀት ላይም «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም፣ መብት ነው። ብታቋርጡ ጤና ጣቢያ ላይ ማንም አገልግሎት ሊከለክላችሁ አይችልም። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ትልልቅ ሰዎች ከቀበሌ ሰው ጋር የመጣ እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ለዚህኛው ቡድን አንድ ኮከብ፣ እሱም ለሳሙናው።

ወደ ትብብሩ ልመለስ። አንድ ተማሪ ለመመረቂያው የሚሠራት ጥናት ሆስፒታል ወረፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጠይቃ ታልቃለች። አልንቃትም፣ ልጆቹ መማር አለባቸው፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ግቢ ልጆችም እየጠየቁን ነው ሐኪምና ነርስ የሚሆኑት። ግን የአንድ ቀን ጥያቄ አንድ ቀንን ነው የሚናገረው። ሰው እንዴት እንደታመመ፣ መቼ እንደዳነ፣ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ምን እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት መመላለስ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ላቦራቶሪ፣ ገንዘብ፣ የስታቲስቲክስ ሰው፣ የአገሩን መንገድና ቋንቋ የሚያውቅ ሰው፣ ሁሉም ይፈለጋል። አንድ ግቢ ብቻውን አይችለውም።

በዞናችን የዚህ ምሳሌ አለ። ብርሃን ይባላል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት በጋራ የሚሠሩበት፣ በተለይ በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ ያተኮረ የጥናት ቦታ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከአንጎለላና ጠራ፣ ከቀወትና ከሸዋ ሮቢት 16 ቀበሌዎችን ይይዛል። ሲጀመር ወደ 19 ሺህ ቤተሰብ፣ ወደ 78 ሺህ ሰው ተመዝግቧል። እኔ በእነዚያ ቀበሌዎች ስለማልኖር ኮከብ ልሰጠው አልችልም፣ የማወራው ስለ ሥራው ከሚነበበው ነው። ግን አሠራሩ ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ ቦታው በደንብ ተመርጧል። ጫጫ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የተሳፈረ ሰው ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ ውኃ ይፈልጋል። ላይ ብርድ፣ ታች ወባ። አንድ ዞን ውስጥ ሁለት የተለያየ ኑሮ፣ ሁለት የተለያየ በሽታ ማለት ነው። ደጋው ላይ የተገኘ መልስ ቆላው ላይ ይሠራል ወይ የሚለውን እዚያው ማየት ይቻላል።

ሁለተኛውና ትልቁ፣ በየ3 ወሩ ቤት ለቤት መዞራቸው ነው። ነፍሰ ጡሮችን በጊዜ ይመዘግባሉ፣ ከወለዱ በኋላም እናትና ልጅን እስከ ሁለት ዓመት ይከታተላሉ። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ለማወቅ የእኛን አገር ወግ ማሰብ ይበቃል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሡት። በሦስተኛው ቀን የሞተ ሕፃን ገና ስም አልወጣለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ዕድርም አይጠራለትም፣ እናትየው አንጀቷን ቋጥራ ዝም ትላለች። ከዓመት በኋላ የሚመጣ ጠያቂ «የሞተብሽ ልጅ አለ?» ቢላት ላትነግረው ትችላለች። ሆዷ ሲገፋ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ግን ሕፃኑ የት ገባ ብሎ ይጠይቃል። ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ በጀት አይመደብለትም፣ አዋላጅ አይቀጠርለትም፣ ኦክስጅን አይገዛለትም።

በነገራችን ላይ ይሄ መቁጠር ዋዛ አይደለም። በአገር አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሺህ ሕያው ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ያወረደው ጥናት ነው እያልኩ አይደለም፣ ያወረዱት አዋላጆች፣ አምቡላንስና የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ናቸው። ግን መውረዱን፣ የት እንደወረደና የት እንዳልወረደ ያወቅነው ቤት ለቤት እየዞሩ በጠየቁ ልጆች ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ሲተባበሩ የአንዱ አገር ዕውቀት ሌላው ቤት መግባቱንም አይቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ጊዜዋ ሳይደርስ ወለደች። ሕፃኗ ጭብጥ ታክላለች። ሆስፒታል እናትየዋን ደረቷን አስገልጠው ሕፃኗን ቆዳ ለቆዳ ለጥፈው፣ ኮፍያና ካልሲ አድርገው፣ በላዩ ላይ በጨርቅ አሠሩላት። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። አያትየው «በዚህ ብርድ ልጅ ራቁቷን?» ብለው ሊጣሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ማሞቂያ ሣጥን ባነሳቸው ሐኪሞች የተጀመረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተሠራ የጋራ ጥናት ውጤት ወጣ፤ ሕፃኑ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ ወዲያው እንደተወለደ ቢጀመር የሞት አደጋው በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ድሮ «መጀመሪያ ይረጋጋ» ነበር የሚባለው። እኛ እዚያ ጥናት ውስጥ የለንበትም፣ ከማላዊ እናቶች የተገኘው ዕውቀት ግን ለደብረ ብርሃን እናትም ይሠራል። ያቺ ሕፃን ዛሬ ዶሮ እያባረረች ነው።

ስለ አክስቴ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ገጠር ነው የኖረችው፣ ቀይ አፈር ላይ፣ በባዶ እግሯ። ከጉልበት በታች ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል። ዝሆኔ ነው። ዓመታት ሙሉ ሠርግ አትሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን ከበስተኋላ ነው የምትቆመው፣ ልጆቿን ለመዳር ስትል እግሯን በቀሚስ ትሸፍናለች። «የዘር ነው» ይሏታል፣ «እርግማን ነው» ይሏታል፣ «እባብ ረግጣ ነው» ያላትም አለ።

በደጋው አገራችን ያለው ይሄ ዓይነቱ ዝሆኔ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚመጣው አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ነገሮች በባዶ እግር ቆዳ እየገቡ ዓመታት ሲጠራቀሙ የሚያመጡት እብጠት ነው። አፈሩን ያገናኘው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ሐኪም ነው። ከዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ የብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ዓመታት ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የዘረ መል ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር እንደሚጋለጥ አሳዩ። ስለዚህ «የዘር ነው» የሚሉት ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሌላው ግማሽ ግን ዋናው ነው፤ ጫማ ያደረገ፣ እግሩን የታጠበ ሰው ዘሩ ምንም ይሁን ምን አይታመምም። አያችሁ ይሄ ለአክስቴ ልጆች ምን ማለት እንደሆነ? የሚጋቡበትን ቤት ሁሉ ሲያስፈራ የኖረ ነገር በጫማ የሚቆም ሆነ።

ያ የዘረ መል ጥናት ሲሠራ አንድ የወደድኩት ነገር አደረጉ። ደም ከመቅዳታቸው በፊት ሰዉ ጋር ሄደው ምን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚያምን፣ ፈቃድ እንዴት ቢጠየቅ እንደሚገባው ጠየቁ። ሰው የፈራው መርፌውን ብቻ አይደለም፣ «የዘር ነው» ተብሎ ቤተሰቡ ይበልጥ እንዳይገለል ጭምር ነው። የኛን ሠፈር ደም ይዞ የጠፋው ቡድን እንደዚህ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቴ ምን እንደምታስብ ቀድሞ ይሰማ ነበር።

ሕክምናውም ከጥናት ነው የመጣው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ እግር መታጠብና መንከባከብ ወዲያው ተማሩ፣ ግማሾቹ ከዓመት በኋላ። እነዚያ ሕመምተኞች እግራቸው ግሎ፣ ትኩሳት ይዟቸው የሚተኙበት ጊዜ አለ፤ አክስቴ «ምች መታኝ» የምትለው እሱን ነው። ቀድመው የተማሩት በዓመት ወደ 19 ጊዜ ሲነሣባቸው ሌሎቹ ወደ 24 ጊዜ ተነሥቶባቸዋል። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፣ እኔም ቁጥሩን ሳየው ይህን ያህል ብቻ? ብያለሁ። ግን አስቡት፣ በጤፍ አጨዳ ወቅት በእያንዳንዱ ለቀናት የምትተኛ ሴት ናት። በዓመት አምስት ጊዜ መቅረቱ አምስት ጊዜ ማሳዋ ላይ መገኘቷ ነው።

አክስቴ ከእኛ ጋር ስትሰነብት ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ አስተማረቻት። ማታ ማታ ሳፋ ይቀርባል። እግሯን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥባለች፣ የቆዳዋን እጥፋት በጣቷ እየገለጠች። ከዚያ በረኪና ጠብ የተደረገበት ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። በጨርቅ ታደርቀዋለች፣ ጣት ለጣት መሃሉን ሳይቀር፤ እሱ ካልደረቀ ሁሉም ከንቱ ነው ብላታለች ነርሷ። ቫዝሊን ትቀባለች። ካልሲ፣ ጫማ። ተራ ጫማ ስለማይገባት ጫማ ሰፊ ጋር ሄደን አሰፋንላት። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትተኛለች። ሽታው ጠፋ። እሱ ብቻ ምን ያህል እንደለወጣት ልነግራችሁ አልችልም። ባለፈው ፋሲካ ከሰው ፊት ተቀምጣ በላች።

ጉድለቱ? ሳሙናው፣ ቫዝሊኑ፣ ካልሲው፣ ጫማው ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነው። ጥናት ላይ ያለ ሰው ነጻ ያገኛል። ጥናቱ ሲያልቅ ግን ከሱቅ መግዛት አለበት፣ ውኃውንም ከምንጭ የሚቀዳው ራሱ ነው። አጥኚዎቹ ቢያንስ ከሁለት ዓመት በኋላ ማን እየታጠበ ማን እንዳቆመ ተመልሰው ቢያዩ ደስ ይለኛል። ግማሽ ኮከብ በዚህ እቀንሳለሁ።

ሌላ ቅሬታ፣ የመጠይቁ አማርኛ። አንዳንዱ ከፈረንጅ ቋንቋ እንዳለ የተገለበጠ ነው። እናቴን «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶዎት ነበር፣ በጭራሽ፣ ለተወሰኑ ቀናት፣ ከግማሽ በላይ ለሆኑ ቀናት…» ብለው ሲጠይቋት «ልጄ፣ ተስፋ ቆርጬ ማን ይጋግራል?» አለችው። ልጁ ምን ብሎ እንደመዘገበ እግዜር ይወቀው። «ሆድ ባሰዎት ወይ?» ቢላት ቁጭ ብላ ታወራው ነበር፣ ምናልባትም እስከ ማታ። እንዲህ ያለውን የአገሩን ሰው አስቀምጦ ማስተካከል ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው።

ሰዓቱም ያስቸግራል። የላማችን ቁጥር፣ የጣራችን ቆርቆሮ፣ የሽንት ቤታችን ክዳን ሁሉ ይጠየቃል። እናቴ የላሟ ጥያቄ ላይ «ግብር ልትጨምሩብን ነው?» ብላ ነበር። ለምን እንደሚጠይቁ ቢነግሯት አትቆጣም፤ የኑሮ ደረጃችንን ለማወቅ ነው፣ ደሃው ይበልጥ ይታመማል ወይ ለማለት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ወሬ የሚያወሩ ሰዎችን ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። በማልትራ፣ ማለትም በወባና በትራኮማ ዘመቻ ሳምንት ትምህርት ቤት ግቢ ተሰልፈን፣ ቁመታችን በእንጨት እየተለካ የዋጥነውን ዚትሮማክስ ታስታውሳላችሁ? እሱም ሲጀመር «ሊያመክኑን ነው» ተብሎ ነበር። ለዓይን በሽታው ለትራኮማ ነው የተሰጠን። እዚሁ አማራ ክልል፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ላይ የተሠራ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው፣ መድኃኒቱን በወሰዱ ማኅበረሰቦች የሕፃናት ሞት ካልወሰዱት በግማሽ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ለዓይን ብለው ሰጥተውን ሕፃናትን አተረፈ።

እንግዲህ ጠቅላላው ኮከብ፣ ከአምስት አራት። ያቺ አንዷ ውጤት ይዞ ለሚመጣ ቡድን ተቀምጣለች።

ሲመጡባችሁ እንዲህ አድርጉ። ጥናቱን የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የቱ እንደሆነ ጠይቁ፣ ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ደም ከቀዱ ውጤቱን ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚነግራችሁ ጠይቁ። ከፍ ያለ ነገር ቢገኝ ወዴት እንደሚልኳችሁ ጠይቁ። ትልልቅ ሰዎች ካሉ አብራችሁ ቁጭ በሉ። የፈረማችሁበትን ቅጂ ተቀብላችሁ ከጤና መድኅን ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡት። ቅጹ ላይ ያለውን ስልክ ደግሞ ልጁ ከግቢ ሳይወጣ እዚያው ደውሉት፣ ይጥራ።